የሁለት ሰው አልበም፦ ጅማ ላይ ኑሮንና ጉዞን ፎቶ ማንሳት

ባልና ሚስት ወይም እጮኛሞች አብረው ፎቶ ማንሳት ሲጀምሩ ቶሎ የሚመጣላቸው ጉዞው ነው፤ የጅሬን ቤተ መንግሥት፣ የቡና ጫካው፣ የጊቤ ሸለቆ። እሱ ግን ቀላሉ ክፍል ነው። ደጅ ብርሃን ሞልቷል፣ የዛሬ ስልክ ደግሞ ደጅ ላይ ብዙም አያሳፍርም። የሚከብደው ቤት ውስጥ ያለው ነው፦ ቡናው፣ ምሳው፣ መብራት ሲጠፋ የሚበራው ሻማ። አልበም ከዓመታት በኋላ ሲገለጥ ሰው ቆም ብሎ የሚያየው ይሄንኑ ስለሆነ እኛም ብዙ የምንደክመው እዚህ ላይ ነው። ከቡናው እንጀምር።

የብዙ ቤት ዋና ብርሃን በሩ ነው። መስኮቱ ትንሽ ነው፣ መጋረጃም አለበት። ረከቦቱን ከበሩ አንድ ሜትር ወይም አንድ ሜትር ተኩል ያህል ወደ ውስጥ አስገቡት፤ ፀሐይ ወለሉ ላይ ቀጥታ የምታርፍበት ቦታ ግን አይሁን። ቡና የሚቀዳው ሰው በሩን በጎኑ አድርጎ ይቀመጥ፤ አንሺው ደግሞ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ በሩን በቀኙ ወይም በግራው ያድርግ። በሩ ከአንሺው ጀርባ ከሆነ የራሱ ጥላ ጀበናው ላይ ይወድቃል፣ ፊትም ጠፍጣፋ ሆኖ ይወጣል። በሩ ከሚነሳው ሰው ጀርባ ከሆነ ካሜራው የደጁን ብርሃን ለክቶ ሰውየውን ያጠቁረዋል። የጎን ብርሃን ግን የጀበናውን አንገት፣ የሲኒውን ጠርዝ፣ የእጁን መስመር ሁሉ ያወጣል።

ቀን ከሆነ አምፖሉን አጥፉት። የበሩ ብርሃን ሰማያዊነት አለው፤ አምፖሉ ቢጫ ከሆነ አንዱ ጉንጭ ቢጫ፣ ሌላው ሰማያዊ ይሆናል፣ ይሄን በኋላ በማስተካከያ መተግበሪያ ማቃናት አይቻልም ማለት ይቻላል። ማታ ግን ምርጫ የለም፤ ያኔ አንድ ዓይነት አምፖል ብቻ ይብራ። የእኛ አገር መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ርካሽ ኤልኢዲ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላሉ። ዓይን አያየውም፣ ካሜራው ግን ፎቶው ላይ ጥቁር ሰንበር አድርጎ ያሳያል። መድኃኒቱ የሹተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ) ፍጥነት 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ማድረግ ነው። ስልክ ላይ ይህ የሚገኘው «ፕሮ» በሚለው ክፍል ውስጥ ነው፤ ስልካችሁ ከሌለው ሌላ አምፖል መሞከር ይቀላል።

በበሩ ብርሃን ለሚንቀሳቀስ እጅ 1/125 መነሻ ይሁናችሁ። ካሜራ ከሆነ አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) ኤፍ 2.8 ላይ አድርጉት፤ ከበሩ አንድ ሜትር ላይ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 800 አካባቢ ይበቃል። ከበሩ ሦስትና አራት ሜትር ገባ ካላችሁ 3200 ድረስ ይጠይቃል። ፎቶው ነጠብጣብ ቢኖረውም አትጨነቁ፤ ሲታተም ነጠብጣቡ አይታይም፣ የተንቀጠቀጠ እጅ ግን ይታያል። ስልክ ከሆነ የማታ ሁነታውን ዝጉት። እሱ የሚሠራው ብዙ ፎቶ በተከታታይ አንስቶ በመደራረብ ስለሆነ የቆመውን ግድግዳ ያሳምራል፣ የሚቀዳውን እጅ ያጠፋዋል።

ከጀበናው የሚወርደው ቡና ቀጭን ክር ነው። 1/60 ላይ ለስላሳ ክር ሆኖ ይወጣል፤ ሹተሩ በጣም ሲፈጥን ደግሞ ጠብታው ሳይቀር ይቆጠራል። እኛ ክሩን እንመርጣለን። ጥቁር ቡና በጥቁር ግድግዳ ፊት ስለማይታይ ከኋላው ነጭ ነገር፣ ለምሳሌ ሲኒዎቹ ወይም ነጠላ፣ እንዲሆን አድርጉ። ሲወቀጥ የምታነሱ ከሆነ ዘነዘናው ከፍ ብሎ ጫፍ እስኪደርስ ጠብቁ፤ ከመውረዱ በፊት ለቅጽበት ቆም ይላል፣ ያኔ 1/125 እንኳን ይይዘዋል። መሃል ላይ ከተነሳ ጭረት ብቻ ነው። ቡናው ሲቆላ ደግሞ ከምጣዱ በላይ አጎንብሳችሁ አታንሱ፤ ጭሱ ዘይት ስላለው ሌንሱ ላይ ይለጠፍና ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በጉም ውስጥ የተነሳ ይመስላል።

የዕጣኑ ጭስ ከላይ ያልነው የጎን ብርሃን ሕግ የማይሠራበት ቦታ ነው። ጭስ የሚታየው ብርሃን ከኋላው ሲመጣና ከኋላው ያለው ግድግዳ ጥቁር ሲሆን ነው። ማጨሻውን በበሩና በአንሺው መካከል ከበሩ መስመር ትንሽ ወደ ጎን አስቀምጡት፤ በሩ ራሱ ፎቶው ውስጥ አይግባ። ፍላሽ አትጠቀሙ፤ ፍላሽ ጭሱን ነጭ መጋረጃ አድርጎ ፊታችሁ ላይ ይሰቅለዋል። የከሰሉ ፍም ቀይ ሆኖ እንዲወጣ ከፈለጋችሁ + እና − ባለው የካሜራው ማስተካከያ ብርሃኑን ቀንሱ፣ ከዜሮ በታች 1 ያህል። ካልቀነሳችሁ ፍሙ ነጭ ይሆናል።

ስለ ልብስና ስለ ቆዳ ቀለም። ካሜራ ያየውን ሁሉ ግራጫ ለማድረግ ነው የሚሞክረው። ሁለታችሁም የሐበሻ ልብስ ለብሳችሁ ነጩ ፎቶውን ከሞላው ካሜራው «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ያጨልመዋል፣ ፊታችሁም አብሮ ይጨልማል። ያኔ ብርሃኑን ከ0.7 እስከ 1 ድረስ ጨምሩ፤ ስልክ ላይ ፊታችሁን ነክታችሁ የምትታየውን ትንሽ ፀሐይ ወደ ላይ መሳብ ነው። ጥቁር ክፍል ውስጥ ተቃራኒው ይደርሳል፤ ካሜራው ጨለማውን ለማብራት ሲል ፊትን ያገረጣል፣ ስለዚህ 0.7 ቀንሱ። ነጠላ ከቀትር ፀሐይ ጋር አይስማማም፤ ጥለቱ ይቀራል፣ ሽመናው ግን ጠፍቶ ነጭ ወረቀት ይሆናል። ጥላ ሥር ግቡ። ብዙ ስልኮች ላይ ከሱቅ ሲወጡ ጀምሮ የሚበራውን የፊት ማለስለሻም አጥፉት። ቆዳን ያነጣል፣ ሹሩባን ያድበሰብሳል፣ ከአሥር ዓመት በኋላም ማን እንደነበራችሁ አይነግራችሁም። ጀርባ የሚያደበዝዘው የፖርትሬት ሁነታ ደግሞ አፍሮንና የነጠላን ዘርፍ በመቀስ የተቆረጠ ያስመስለዋል፤ ለጥንድ ፎቶ አይመከርም።

የጥንድ ፎቶ የራሱ ችግር ትኩረት ነው። 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በኤፍ 1.8፣ ሴንሰሩ (ብርሃን ተቀባዩ) አነስ ያለ በሆነው በተለመደው ካሜራ ላይ፣ ከአንድ ሜትር ተኩል ርቀት ጥርት አድርጎ የሚይዘው ጥልቀት ከ6 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። አንዱ ከሌላው ትከሻ በስተኋላ ከቆመ የኋለኛው ፊት ይደበዝዛል ማለት ነው። ወደ ኤፍ 4 ስትሄዱ ጥልቀቱ 14 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሌላው መንገድ ግንባር ለግንባር ወይም ጆሮ ለጆሮ ተጠጋግቶ ሁለቱንም ፊት ከሌንሱ እኩል ርቀት ላይ ማድረግ ነው።

ሁለታችሁም ፎቶው ውስጥ እንድትገቡ የ10 ሰከንድ ቆጣሪ ይበቃል፤ አንዴ ቆጥሮ ሦስት ወይም አምስት ፎቶ በተከታታይ የሚያነሳውን ምርጫ ክፈቱ፤ በመጀመሪያው ላይ ሁሌም አንዱ ዓይኑን ይጨፍናል። ስልኩ በደረት ቁመት፣ ከ2 እስከ 3 ሜትር ይራቅ። መሬት ላይ በድንጋይ ከደገፋችሁት አገጭና አፍንጫ ነው የምታነሱት። ሂዶ የሚቆመው ሰው የት እንደሚቆም ቀድማችሁ ምልክት አድርጉ፣ ትኩረቱንም እዚያ በቆመው ሰው ላይ ጣታችሁን ለጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ ቆልፉ። ሴልፊ ከሆነ ክንዱን የዘረጋው ሰው ከጠርዙ ራቅ ይበል፤ ሰፊ ሌንስ ጠርዝ ላይ ያለን ፊት ይጎትታል። ለመንገደኛ ስልክ የምትሰጡ ከሆነ ፎቶውን ራሳችሁ አዘጋጁ፦ አንዳችሁ ቁሙ፣ ሌላችሁ ቦታውንና አቅጣጫውን ወስኑ፣ ከዚያ «እዚህችው ቆመው ሦስት ጊዜ ብቻ ይጫኑልን» በሉት። «እንዳሻዎት» ካላችሁ ግማሹ ሰማይ ነው።

አንድ የቤት ደንብም አለን፤ በየወጣንበት ዋናው አንሺ ይቀያየራል። ደንቡ ከሌለ አንደኛው ሁሌም ከካሜራው ጀርባ ይቀራል፣ የአልበሙ ግማሽ ሰው ይጎድላል።

ወደ ደጅ ስንወጣ መጀመሪያ የምናየው ሰዓቱን ነው። ጅማ ፀሐይ የምትወጣው እንደ ወሩ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከሩብ (ግንቦት) እስከ 12 ከ50 (ጥር መጨረሻ) ባለው ነው፤ የምትጠልቀው ደግሞ በጥቅምት መጨረሻ ለ12 ሰዓት ከ10 አካባቢ፣ በሰኔና በሐምሌ 12 ከ55 አካባቢ። ጥሩው ብርሃን ከወጣች በኋላ ያለው አንድ ሰዓትና ከመጥለቋ በፊት ያለው አንድ ሰዓት ነው። ከ4 እስከ 9 ሰዓት ፀሐይ ከራስ በላይ ናት፤ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻማ ቀትር ላይ በቀጥታ አናት ላይ ትቆማለች፣ ዓይን ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፣ ጥላ የሚባል ነገር ከእግር ሥር አይወጣም። በእነዚያ ሰዓታት ሰው ለማንሳት የቤት በረንዳ፣ የትልቅ ዋርካ ሥር ወይም ባጃጅ ውስጥ ይሻላል። ባጃጅ ውስጥ ያለው ብርሃን ለስላሳ ነው፣ ነገር ግን የሸራው ቀለም ፊት ላይ እንደሚያርፍ አትርሱ።

የቡና ጫካ ፎቶ ብዙ ሰው የሚያምርለት የሚመስለው፣ ሲያየው ግን የሚያዝንበት ነው። ምክንያቱ ጥላው ነው። የጅማ ቡና የሚያድገው በዋንዛ፣ በብሳናና በመሳሰሉት ዛፎች ሥር ነው፤ ፀሐይ በቅጠሉ መሃል እየሾለከች ፊት ላይ ነጫጭ ነጥብ ትረጫለች። ሁለት መውጫ አለ፦ ደመናማ ቀን መምረጥ፣ ወይም ነጥብ የሌለበት ሙሉ ጥላ ፈልጎ ሰዎቹን እዚያ ማቆም። ከዚያ ሁለተኛው ችግር ይመጣል፤ ከቅጠሉ የሚመለሰው አረንጓዴ ፊት ላይ ያርፍና ሰው የታመመ ይመስላል። የነጭ ሚዛኑን (ካሜራው የብርሃኑን ቀለም የሚያስተካክልበትን ምርጫ) «ጥላ» በሚለው ላይ አድርጉና በማስተካከያው ቀለሙን ትንሽ ወደ ሐምራዊ ግፉት። አንዳችሁ ነጭ ነጠላ ዘርግታችሁ ከፊት ለፊት ብትይዙት ደግሞ አረንጓዴው በብዛት ይሰበራል፣ ወጪም የለውም።

የበሰለው ፍሬ ቀይ ስለሆነ ካሜራ ቶሎ ያሳብደዋል፤ የፍሬው ቅርጽ ጠፍቶ ቀይ ነጥብ ብቻ ይቀራል። ብርሃኑን ከ0.3 እስከ 0.7 ቀንሱ። ለቀማው በብዛት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው፤ በጅማ ዙሪያ ባሉት በጎማ፣ በማና፣ በሊሙ፣ ሁሉም ጋ በዚያ ወቅት በማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና ታያላችሁ። የማድረቂያ አልጋው በጠዋት ወይም በማታ የጎን ብርሃን ነው የሚያምረው፣ ፍሬ ከፍሬ ይለያል። አበባው ግን አይጠብቅም፦ ከበልጉ የመጀመሪያ ጥሩ ዝናብ በኋላ ከሳምንት ትንሽ አለፍ ሲል ይፈነዳል፣ ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ይረግፋል። የካቲትና መጋቢት ላይ ዝናብ ከጣለ ቀን ጀምራችሁ ቁጠሩ፤ ቅዳሜና እሑድን ብቻ የሚጠብቅ ሰው አያገኘውም።

የሰው ማሳ ነውና ሳይጠየቅ አይገባም። «አከም ጅርቱ» ብሎ ሰላም ማለት፣ ማን እንደሆናችሁ መናገር፣ ከዚያ ካሜራ ማውጣት። ልጆችን ለማንሳት ወላጅ ይጠየቃል። ገበያም እንዲሁ ነው፤ ሐሙስ ገበያው ሲደምቅ ከሩቅ አጉልቶ ሰውን ሳያውቅ ማንሳት ጥላቻ ነው የሚያተርፈው። አንድ ነገር ገዝታችሁ፣ «እማማ፣ አንድ ፎቶ ላንሳዎት?» ብላችሁ ብትጠይቁ ብዙ ጊዜ እሺ ይላሉ፣ እምቢ ካሉም አልቋል። ባለ ሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ የሚጠርቡ ሰዎች ጋ ከሄዳችሁ የእንጨቱ ጉርብጥ የሚወጣው በጎን ብርሃን ነው፤ እጃቸውንና መጥረቢያውን በቅርብ አንሱ። ፎቶ ታትሞ ይመጣልዎታል ካላችሁ ደግሞ አምጡላቸው።

ጅሬን ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጠዋት የሚሄዱበት ቦታ ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 ጅማን ያስተዳደሩ ናቸው፤ ቤቱ ከእንጨት የተሠራ ባለ ፎቅ፣ በረንዳው በተጠረበ እንጨት የተከበበ ነው። ኮረብታው ከከተማው በስተሰሜን ምሥራቅ ስለሆነ ጠዋት ከተማውን ቁልቁል ስታዩ ፀሐይ ከጀርባችሁ ናት፣ ጅማ ጥርት ብላ ትታያለች፤ ከሰዓት በኋላ ግን ዓይናችሁ ውስጥ ትገባለች። በረንዳው ላይ ጥንድ ለማንሳት ዓምዶቹን እንደ ፍሬም ተጠቀሙ፤ ካሜራው ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ካጋደለ ግን ዓምዶቹ የሚወድቁ ይመስላሉ፣ ስለዚህ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት፣ ፎቅ ሙሉውን ለማስገባት ወደ ኋላ ራቁ። ቤቱ እድሳት ላይ የሚሆንበት ጊዜ ስላለ ውስጡ ክፍት መሆኑንና ማንሳት መፈቀዱን በር ላይ ጠይቁ። ቦዬ ረግረግ ላይ ወፎቹን ለማየት የምትወርዱ ከሆነ በማለዳ ይሁን፤ ጉማሬ ያለበት ውኃ ዳር ግን ለፎቶ ብሎ መጠጋት የለም።

የአዲስ አበባው መንገድ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በወሊሶና በወልቂጤ አልፎ ወደ ጊቤ ሸለቆ ይወርዳል። ጠዋት ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የምትመጡ ከሆነ በቀኝ በኩል፣ ጠዋት ከጅማ የምትሄዱ ከሆነ በግራ በኩል ተቀመጡ፤ ያ ጎን ፀሐይ የማይመታው ስለሆነ መስኮቱ አያንጸባርቅም፣ ተራራውም በርቶ ይታያል። ስልኩን መስታወቱ ላይ አስጠግቶ ዙሪያውን በጥቁር ሻርፕ መሸፈን የቀረውን ነጸብራቅ ያጠፋል። ሹተሩ 1/1000 ካልሆነ የመንገዱ ዳር ሁሉ ጭረት ነው፤ ሩቁን ተራራ ብቻ ካነሳችሁ 1/500 ይበቃል። ድልድይ፣ ግድብ፣ የኃይል ማመንጫ፣ ኬላና ወታደር አታንሱ። ድሮንም ያለ ፈቃድ አይነሳም። ጊቤ ላይ ስትወርዱ ከደጋ የቀዘቀዘ ካሜራ ከሙቀቱ ጋር ከተጋፈጠ ሌንሱ ጤዛ ያዝላል፤ ቦርሳ ውስጥ ዘግታችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል አቆዩት፣ አትጥረጉት።

ጅማ ላይ ካሜራ የሚገድለው አቧራ ሳይሆን እርጥበት ነው። ዝናቡ ረጅም ነው፤ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ በተለይ በቆዳ ቦርሳ የተቀመጠ ሌንስ ውስጡ ሻጋታ ያወጣል፣ ሸረሪት ድር የመሰለ ነጭ ክር ሆኖ ይታያል። ሌንሱን ከኋላው በባትሪ እያበራችሁ በየወሩ ተመልከቱ። ክዳኑ ግጥም የሚል የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ እርጥበት ከሚመጠው ከሲሊካ ጄል ጋር አስቀምጡ፤ ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ካገኛችሁ ከ40 እስከ 50 በመቶ ላይ ያዙት። ቀለሙ የሚቀየር ጄል ሲጠግብ በቀስታ እሳት ላይ አሙቃችሁ ቀለሙ ሲመለስ መልሳችሁ መጠቀም ይቻላል፤ ለምግብ በምትጠቀሙበት ምጣድ ግን አይሁን። ሩዝ ውስጥ መቅበር ዱቄት ነው የሚያተርፈው። ዝናብ ውስጥ ስታነሱ ፌስታል ቀድዳችሁ ለሌንሱ ቀዳዳ ተዉለትና በላስቲክ እሰሩት። ጠብታው እንዲታይ ብርሃን ከኋላው ይሁን፣ ጀርባው ጥቁር ይሁን፤ 1/60 ዝናቡን ክር ያደርገዋል፣ 1/500 ወደ ነጥብ ያሳጥረዋል።

ሁለት ስልክና አንድ ካሜራ ሲኖር ፎቶው የሚምታታው በቀን ነው። ሦስቱም ላይ ሰዓቱን እኩል አድርጉ፤ አንዱን በሐበሻ ሰዓት ሞልታችሁ ሌላውን በፈረንጅ ከተዋችሁት የጠዋቱ ፎቶ ከማታው ኋላ ይሰለፋል። ካሜራ ባትሪው ለብዙ ጊዜ ሲያልቅ ቀኑን ይረሳልና ከጉዞ በፊት እዩት። ፎልደሩን ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ቦታ በሚል ቅደም ተከተል ሰይሙ፤ በእኛ አቆጣጠርም በእነሱም ይሁን፣ አንዱን መርጣችሁ አትቀላቅሉ። ሦስት ቅጂ ይኑር፦ አንዱ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ፣ አንዱ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ፣ አንዱ ደግሞ ቤተሰብ ጋ ሌላ ቤት። ስታስተላልፉ «ቁረጥ» ሳይሆን «ቅዳ» በሉ፤ መብራት መሃል ላይ ቢሄድ ዋናው አይጠፋም። በጣም በርካሽ የሚሸጥ ትልቅ ሜሞሪ ካርድ ስታገኙ ቤት ወስዳችሁ እስኪሞላ ድረስ ፋይል ገልብጡበትና መልሳችሁ ክፈቱት፤ ሐሰተኛው ያኔ ይገለጣል።

በመጨረሻ ፎቶ ቤት። በቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ረጅም ጎኑ ብዙ ጊዜ ወደ 1280 ፒክስል ይወርዳል፤ ለ10 በ15 ሳንቲ ሜትር ይበቃ ይሆናል፣ ለ20 በ30 ግን ይደበዝዛል። እንደ ፋይል ላኩት ወይም በፍላሽ ውሰዱት። ለ10 በ15 ጥርት ያለ ህትመት 1181 በ1772 ፒክስል፣ ለ20 በ30 ደግሞ 2362 በ3543 ያስፈልጋል። የስልክ ፎቶ 4 በ3 ነው፣ 10 በ15 ወረቀት ግን 3 በ2 ስለሆነ ማሽኑ ከአጭሩ ጎን 11 በመቶ ያህል ይቆርጣል፤ ብዙ ጊዜ የሚሄደው ራስ ነው። ስታነሱ ከራስ በላይ ክፍት ቦታ ተዉ፣ ወይም ራሳችሁ ቀድማችሁ ቁረጡት። መቶውን ፎቶ ሙሉ ከማሳተማችሁ በፊት አንድ አሳትሙና ቀን ብርሃን ላይ እዩት፤ ስክሪኑ ብርሃን ስላለው ወረቀቱ ሁሌም ከእሱ ጠቆር ብሎ ይወጣል፣ ለባለሙያው «ትንሽ አብራው» ብላችሁ የቀረውን ያኔ እዘዙ። ጀርባው ላይ ቀኑን፣ ቦታውንና የሰዎቹን ስም በእርሳስ ጻፉ፤ እስክሪብቶ ወደ ፊት ያልፋል።